አልነሣ ያለ፣ ድምፁም የጠፋ አሮጌ ላፕቶፕ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የመፈተሽ ዘዴ

መግቢያ

በማሠልጠኛችን ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ሠልጣኝ ጥቂት አይደለም። አዲሱን ለመግዛት አቅም ያጠረው ዕጩ መምህር ያገለገለውን ይገዛና የትምህርት ዕቅዱን ይጽፍበታል፤ ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ የማዳመጥ ልምምድ ያሰማበታል፤ የተማሪ ውጤት ይመዘግብበታል። ይሁንና አንድ ቀን ጠዋት ማብሪያው ሲጫን ዝም ይላል። ወይም ደግሞ ይነሣና ድምፁ ጭራሽ አይሰማም። ያን ጊዜ በዙሪያው የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣል፦ «በቃ፣ ሞቷል!»

ከዚህ ፍርድ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤቱ ማሽኑን በመለዋወጫ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ወይም ያልተበላሸውን ክፍል ለማስለወጥ የወር ቀለቡን ይከፍላል። የአንድ ዓመት የትምህርት ዕቅዱም አብሮ ይሄዳል። ነገ ደግሞ ጠጋኝ በሌለበት ወረዳ ስንመደብ ችግሩ የባሰ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስጨብጥ የምንፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው። «ሞቷል» የምርመራ ውጤት አይደለም። ላፕቶፕ የሚነሣው በደረጃ ነው፤ ድምፅም ከፋይሉ እስከ ጆሯችን የሚደርሰው በደረጃ ነው። ስለዚህ የመርማሪው ሥራ «የትኛው ደረጃ ላይ ቆመ?» ብሎ መጠየቅና አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መልሱን መፈለግ ነው።

1. ለምሳሌነት የመረጥነው ማሽን

ስለ ላፕቶፕ በጠቅላላው ብናወራ ትምህርቱ ከአየር ላይ አይወርድም። ስለዚህ አንድ የታወቀ ዓይነት ይዘን እንሠራለን፤ እሱም አይቢኤም ቲንክፓድ ቲ42 ነው። ቲንክፓድ የተባለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ቲ42 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 (በ1996 ዓ.ም.) ነው። በተከታዩ ዓመት አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሥራውን ሌኖቮ ለተባለው የቻይና ኩባንያ አስረክቧል።

ይህን ማሽን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በተራ ካቻቢቴ ተፈትቶ የሚገጠም፣ ለመማሪያ የሚመች ማሽን ነው። ሁለተኛ፣ የሚያሳያቸው ችግሮች በሌሎችም አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የሚታዩ ናቸው። የቁልፎቹና የቁጥሮቹ ዝርዝር ከማሽን ማሽን ቢለያይም የፍተሻው ቅደም ተከተል አይለያይም።

2. እጅ ከመስደዳችን በፊት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት የሚከተሉትን አራት ነገሮች እናድርግ።

ሀ/ ምልክቱን በደብተር እንጻፍ። መብራት በርቷል? የፋን ድምፅ ይሰማል? ጢጥ የሚል ድምፅ አሰማ? ስንት ጊዜ? ስክሪኑ ላይ ቁጥር ወጣ? «አይሠራም» የሚለው ቃል ምልክት አይደለም። «አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው» የሚለው ነው ምልክት።

ለ/ ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ ማንኛውንም ነገር የምንነካው ስፒናው ተነቅሎ፣ ባትሪው ወጥቶ ነው። ክፍሎቹን ከመንካታችን በፊት ያልተቀባ ብረት እንንካ፤ በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ሜሞሪ ሊያቃጥል ይችላልና።

ሐ/ ባትሪው አብጦ ከሆነ አንጫነው፣ አንብሳው፣ ቻርጅ አናድርገው። አውጥተን ከሚቀጣጠል ነገር እናርቀው።

መ/ አንድ ነገር ለውጠን እንሞክር፤ ለውጥ ካልመጣ ወደነበረበት እንመልስ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንለፍ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ «ተነሣ!» የሚል ሰው ማሽኑን አስነሣ እንጂ ምንም አልተማረም። ችግሩ ሲመለስም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

3. የመነሣት ችግር

ላፕቶፕ ሲነሣ አምስት ደረጃዎችን ያልፋል። ኃይል ያገኛል፤ ራሱን ይፈትሻል፤ ሥዕል ያወጣል፤ ዲስኩን ያገኛል፤ በመጨረሻም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ይጭናል። እያንዳንዱን በተራ እንመልከት።

ሀ/ ኃይል

ምንም መብራት ከሌለ፣ ፋንም ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ከማሽኑ ውጭ ሊሆን ስለሚችል ፍተሻውን ከግድግዳው እንጀምር። ሶኬቱ ላይ ሌላ ነገር ሰክተን እንሞክር። ማከፋፈያውን አውጥተን በቀጥታ እንሰካ። ቀጥሎ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን እናንብ። የቲ42 ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የአገራችን 220 ቮልት ይስማማዋል። የሚያወጣው ደግሞ 16 ቮልት፣ 4.5 አምፔር ነው። በቴስተር ሲለካ ከ15.5 እስከ 17 ቮልት ባለው ውስጥ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቴስተሩ ዲሲ ላይ መሆኑን ሳናረጋግጥ አንለካ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከመጡት ከቲ60 ጀምሮ ያሉት ቲንክፓዶች የሚሠሩት በ20 ቮልት ነው፤ ጫፉም ወፍራም ስለሆነ ቲ42 ውስጥ አይገባም። አንዳንዱ ሰው ጫፉን ቆርጦ በመቀጠል ያስገባዋል። ይህ ማሽኑን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው። ጫፍ ስለገባ ብቻ ቻርጀር ተስማማ ማለት አይደለም፤ የሚነበበው ቮልቱ ነው።

ቻርጀሩ ጤነኛ ሆኖ ማሽኑ አሁንም ዝም ካለ፣ ቻርጀሩንም ባትሪውንም እናውጣ። ማብሪያውን ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭነን እንያዝ። ከዚያ ባትሪውን ሳንመልስ በቻርጀር ብቻ እናስነሣው። ይህ በውስጡ የቀረውን ኃይል ያፈስሳል፤ ያረጀ ባትሪ ማሽኑን ይዞት ከነበረም በዚሁ ይታወቃል። ብዙ «የሞቱ» ማሽኖች የሚነሡት እዚህ ላይ ነው።

ለ/ ራስን መፈተሽና ሜሞሪ

መብራት በርቶ፣ ፋን ዞሮ፣ ማሽኑ በጢጥታ ቢጮኸብን አንደንግጥ፤ እየነገረን ነው። በቲ42 ላይ አንድ አጭር ጢጥታና ተከትሎት የሚመጣ ሥዕል ጤና ነው። ሁለት አጭር ጢጥታ ከቁጥር ጋር ከመጣ «ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ» ማለት ነው። ሥዕል ሳይኖር ሦስት፣ ቆም ብሎ ሦስት፣ ከዚያ አንድ ሲል ወደ ሜሞሪው ወይም ወደ ዋናው ቦርድ ይጠቁማል።

እንግዲህ ርካሹን አስቀድመን ሜሞሪውን እንፈትሽ። ቦታው ከሥር ባለ ትንሽ ክዳን ውስጥ ወይም ከኪቦርዱ ሥር ነው። አውጥተን ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለን እንጥረግ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ እናራግፍ፤ እስኪቆልፍ ድረስ መልሰን እንግጠም። ሁለት ሜሞሪ ካለው አንዱን ብቻ፣ ቀጥሎም ሌላውን ብቻ ይዘን እንሞክር። በአንዱ ተነሥቶ በሌላው ካልተነሣ ጥፋተኛው ተገኘ።

ማሽኑ «ፋን ኤረር» ብሎ ቢጠፋ ደግሞ ፋኑ አልዞረም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቧራ ነው። በብሩሽ እናጽዳው። ከጸዳም በኋላ ካልዞረ ፋኑ ይለወጣል እንጂ መልእክቱን ለማለፍ ዘዴ አይፈለግም፤ መልእክቱ የተጻፈው ማሽኑ እንዳይቃጠል ነውና።

ሐ/ ሥዕል

ማሽኑ እየሠራ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ሁለት ሙከራ እናድርግ። አንደኛው፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ አጋድመን ማብራት ነው። ደብዛዛ ጽሑፍ ከታየ ሥዕሉ አለ፤ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው መብራት ወይም ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ትንሽ ቦርድ ነው። ይህ ቦርድ ከፍተኛ ቮልት ስለሚያመነጭ ማሽኑ በርቶ ሳለ አይነካም። ሁለተኛው፣ የውጭ ሞኒተር ወይም ፕሮጀክተር በቪጂኤ ገመድ ማገናኘትና ኤፍኤን ከኤፍ7 ጋር መጫን ነው። ውጭ ላይ ጥሩ ሥዕል ከመጣ ችግሩ የተወሰነው በስክሪኑና በሽቦው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ገና ያገለግላል።

ሥዕሉ ማሽኑን ስናነሣው ወይም የእጅ ማሳረፊያውን ስንጫን የሚዥጎረጎርና የሚቆም ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። የቲ40 ዘር በሆኑት ማሽኖች ላይ ይህ የታወቀ ሕመም ነው። ገላቸው ሲተጣጠፍ የሥዕል ቺፑን ከቦርዱ ጋር የያዙት ጥቃቅን የሊድ ብየዳዎች ይሰነጠቃሉ። ማቃጠልና ማሞቅ ለጊዜው ቢያስነሣውም ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ ፋይሉን እናውጣ፤ ከዚያ ማሽኑን በአንድ እጅ ጫፉን ይዞ ማንሣት እናቁም።

መ/ ቁጥሮቹና ትንሿ ባትሪ

በአሮጌ ማሽን ላይ በብዛት ከሚታዩት ቁጥሮች ሁለቱ 0271 እና 0251 ናቸው። የመጀመሪያው «ቀንና ሰዓቱን አስተካክል» ማለቱ ነው። ሁለተኛው በማስታወሻው ውስጥ የያዘው ቅንብር ተበላሽቶ ወደ መነሻው እንደ ተመለሰ ይናገራል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ሰዓቱን የምታንቀሳቅሰው 3 ቮልቷ ክብ ባትሪ ስታልቅ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ «ቦርዱ ተበላሽቷል» ይላል። ነገር ግን ኤፍ1 ተጭነን ባዮስ ውስጥ ገብተን ቀኑን ብናስተካክል፣ በኤፍ10 አስቀምጠን ብንወጣ ማሽኑ ይነሣል። መብራት ሲነቀል ቁጥሩ ተመልሶ ከመጣ ትንሿን ባትሪ መለወጥ ነው። ዋጋዋም ሥራዋም ትንሽ ነው።

ሠ/ ዲስክ

ሁሉም ደረጃ አልፎ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» የሚል ጽሑፍ ከወጣ ማሽኑ ተነሥቷል፤ ያላገኘው ዲስኩን ወይም በዲስኩ ላይ ያለውን ሲስተም ነው። መጀመሪያ ፍላሽ ወይም ሲዲ ተሰክቶ ቀርቶ እንደሆነ እንመልከት። ቀጥሎ ዲስኩን አውጥተን እንመልሰው፤ በቲ42 ላይ ከሥር አንድ ብሎን ተፈትቶ በጎን ይወጣል። ዲስኩ የድሮው አይዲኢ ዓይነት ስለሆነ የዛሬው ሳታ አይገጥምለትም፤ ሲገዛ ይታወቅ።

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚጮኽ ከሆነ ደጋግሞ ማስነሣት ክልክል ነው። ኤፍ12 ተጭነን ከሲዲ ወይም ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ አስነሥተን ፋይሎቹን እንገልብጥ። ለዚህ የሚሆነው ሊኑክስ ለ32 ቢት የተሠራ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 እንኳ ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ፕሮሰሰሮች የሚሆን መጫኛ አላካተተም። ስለዚህ ቀድሞ የወጣ ቅጂ አስቀምጦ መያዝ ብልህነት ነው።

4. የድምፅ ችግር

ድምፅም እንዲሁ መንገድ አለው። ከፋይሉ ወደ ሲስተሙ፣ ከሲስተሙ ወደ ድምፅ ቺፑ፣ ከቺፑ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ከዚያ በማዳመጫው ቀዳዳ በኩል አልፎ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። መንገዱን ለሁለት የሚከፍልልን ቀላል መሣሪያ ደግሞ ተራ የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ሀ/ መጀመሪያ ቁልፎቹ

በቲ42 ላይ ከኪቦርዱ በላይ ሦስት የድምፅ ቁልፎች አሉ፤ መቀነሻ፣ መጨመሪያና ማጥፊያ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዛሬዎቹ ማሽኖች ማጥፊያውን ሁለተኛ ጊዜ ስንጫን ድምፁ ይመለሳል። በቲ42 ግን ማጥፊያው ሥራው ማጥፋት ብቻ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢጫን ያው ጠፍቶ ይቀራል። የሚመልሰው መጨመሪያው ወይም መቀነሻው ነው። ከዚህም በላይ ይህ ቁልፍ በሲስተሙ ውስጥ ካለው የድምፅ መቆጣጠሪያ የተለየ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ድምፁ ሙሉ ሆኖ እየታየ ማሽኑ ዲዳ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስን እንደገና ከመጫናችን በፊት መጨመሪያውን ጥቂት ጊዜ እንጫን!

ለ/ ማዳመጫ ሰክቶ ማዳመጥ

በማዳመጫ ተሰምቶ በስፒከር ካልተሰማ ሲስተሙም ቺፑም ደኅና ናቸው። ጥርጣሬያችን ወደ ቀዳዳውና ወደ ስፒከሩ ይዞራል። ቀዳዳው ውስጥ ማዳመጫ መሰካቱን የሚያውቅ ነገር አለ። አቧራ ሲይዘው ወይም ሲጣመም ማዳመጫው ወጥቶም «ተሰክቷል» እያለ ስፒከሩን ይዘጋል። ማዳመጫውን አሥር ጊዜ ያህል ማስገባትና ማውጣት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታው የስፒከሩ ሽቦ ተነቅሎ እንደሆነ ይታያል።

በተቃራኒው በስፒከር ተሰምቶ በማዳመጫ ካልተሰማ፣ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከተሰማ፣ መጀመሪያ ሌላ ማዳመጫ እንሞክር። ያም ካልሆነ የቀዳዳው ብየዳ ለቅቋል።

ሐ/ በሁለቱም ካልተሰማ

በሁለቱም ዝም ካለ ወደ ሲስተሙ እንግባ። የቲ42 ድምፅ ቺፕ ሳውንድማክስ ይባላል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ስንከፍት ከስሙ አጠገብ ቢጫ ምልክት ካለ፣ ወይም ስሙ ጭራሽ ከሌለ፣ የጎደለው ድራይቨር ነው። ያገለገለ ማሽን ተጠርጎ ሲስተሙ በችኮላ ከተጫነበት ይህ የተለመደ ነው።

በሊኑክስ ከሆነ አልሳሚክሰር የተባለውን መቆጣጠሪያ እንክፈት። በአንድ መስመር ሥር ሁለት «ኤም» ፊደል ከታየ ያ መስመር ተዘግቷል፤ «ኤም»ን ተጭነን እንከፍተዋለን። በዚህ ቺፕ ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር አለ። «ሄድፎን ጃክ ሴንስ» እና «ላይን ጃክ ሴንስ» የሚባሉት መስመሮች ክፍት ሲሆኑ ድምፁን የሚያፍኑበት ጊዜ አለ። ሌላው ሁሉ ተከፍቶ ዝምታው ከቀጠለ እነዚህን ሁለቱን መዝጋት ነው።

መ/ ጭርጭርታና መንጣጣት

ድምፁ ኖሮ የሚጮኽ፣ የሚንጣጣ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለን በባትሪ ብቻ እናዳምጥ። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ቻርጀሩ ወይም የመብራት መስመሩ ነው። ካልጠፋና ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ የሚብስ ከሆነ የስፒከሩ ቆዳ ተቀድዷል። ዝቅ አድርጎ መጠቀም፣ ወይም ለክፍል ሥራ የውጭ ስፒከር መሰካት ይሻላል።

5. ሁለቱ ችግሮች በአንድ ምክንያት ሲመጡ

እስካሁን መነሣትንና ድምፅን ለየብቻ አየን። አሁን ግን የዘዴውን ጥቅም አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ እናቅርብ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ያገለገለ ቲ42 በእጃችን ገብቶ ነበር። ሁለት ቅሬታ ቀረበበት። አንደኛ፣ ለመነሣት ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበትን ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ የማዳመጥ ልምምድ ሲከፈትበት ድምፁ እየተቆራረጠ አንዱን ቃል ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። የተሰጠው ምክርም ሁለት ነበር። አንዱ «የድምፅ ቺፑ አልቆለታል» አለ። ሌላው «ሜሞሪ ጨምሩለት» አለ። ሁለቱም ገንዘብ የሚያስወጡ ናቸው።

በቅደም ተከተላችን ሄድን። ማዳመጫ ሰካን፤ በማዳመጫም ይቆራረጣል። እንግዲያው ስፒከሩ ነፃ ወጣ። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክት የለም፤ ድራይቨሩም ነፃ ወጣ። አንዱን ሜሞሪ አወጣን፣ ሌላውን አወጣን፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ደብተራችንን ስንመለከት አንድ የጻፍነው ነገር ነበር፦ «ድምፁ በሚቆራረጥበት ጊዜ ቀስቱም ይቆማል፤ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ይበራል።» ይህ ምልክት የሚያመለክተው ወደ ዲስኩ እንጂ ወደ ድምፁ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደኅና ጊዜ ዲስኩ መረጃውን ወደ ሜሞሪ የሚያደርሰው ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ነው፤ ይህ ዲኤምኤ ይባላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን በዚህ መንገድ ላይ ስድስት ስሕተት ባጠራቀመ ቁጥር ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። ስሕተቱ ከቀጠለ በመጨረሻ ፒአይኦ ወደሚባለው የጥንት መንገድ ይወርዳል። በፒአይኦ እያንዳንዱን መረጃ ራሱ ፕሮሰሰሩ መሸከም አለበት። ምሳሌውን ከክፍላችን ብንወስድ፣ በዲኤምኤ የተማሪዎቹን ደብተር ከቢሮ የሚያመጣው የክፍል አለቃው ነው፤ መምህሩ ማስተማሩን ይቀጥላል። በፒአይኦ ግን መምህሩ ራሱ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ያመላልሳል። በሄደ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጣል። የሰማነው የተቆራረጠ ድምፅ ያ ነው። ለመነሣት የፈጀውም ጊዜ ያው ነው።

በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የመጀመሪያውን የአይዲኢ መስመር ከፍተን ብናይ በእርግጥም ፒአይኦ ላይ ነበር። ከሁሉ በፊት ፋይሎቹን በሙሉ ገለበጥን። ዲስኩን አውጥተን ጥርሶቹን አጽድተን አጥብቀን መለስነው። ከዚያም ያንን መስመር ከዲቫይስ ማኔጀር አስወገድን፤ ማሽኑ ሲነሣ ራሱ እንደገና አገኘው፤ አንድ ጊዜ ደግመን አስነሣነው። አሁን «አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5» የሚል ተጻፈ። ማሽኑ ቶሎ ተነሣ፤ ድምፁም ጥርት አለ። የወጣ ገንዘብ የለም።

ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። መንገዱ የወረደው ስሕተት ስለበዛ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ እየከፈትን ወደ ፒአይኦ ተመልሶ እንደሆነ እንመዘግባለን። ከተመለሰ ችግሩ የላላ ማገናኛ ሳይሆን የሚያረጅ ዲስክ ነውና ከመሞቱ በፊት መለወጥ አለበት።

6. ከመግዛታችን በፊት

ከላይ ያየናቸው ነገሮች ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የሚጠቅሙ ናቸው። ሻጩ ፊት የሚከተሉትን እንሞክር።

— ማሽኑን ከዜሮ አጥፍተን እናስነሣው። በርቶ የጠበቀን ማሽን አንመን።
— ኤፍ1 ተጭነን ባዮስ ውስጥ እንግባ። የሱፐርቫይዘር ይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አንግዛ። በቲንክፓድ ላይ ይህ ቃል ትንሿን ባትሪ በማውጣት አይጠፋም፤ አምራቹ የሚሰጠው መፍትሔ ዋናውን ቦርድ መለወጥ ነው።
— የእጅ ማሳረፊያውን በቀስታ ጫን ጫን እያደረግን ሥዕሉን እንይ።
— በስፒከርም በማዳመጫም ድምፅ እናሰማ።
— ቻርጀሩ ላይ ያለውን ቮልት ከማሽኑ ሥር ከተጻፈው ጋር እናመሳክር።

አንድ ነገር እንጨምር። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረው የደኅንነት ጥገና ያበቃው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ ኤክስፒ ያለበትን ማሽን ለጽሑፍና ለድምፅ እንጠቀምበት እንጂ ከኢንተርኔት ጋር አናገናኘው፤ የማናውቀውን ፍላሽም አንሰካበት።

7. ለመምህሩ ምን ትምህርት አለው?

ዕጩ መምህራን ይህን ጽሑፍ የጠጋኞች ጉዳይ አድርገው እንዳይተዉት አደራ እንላለን። ነገ ክፍል ውስጥ ስንገባ አንድ ልጅ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ይላል። በዙሪያው ያለው ሁሉ «ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ይህ ፍርድ «ሞቷል» ከሚለው ፍርድ በምን ይለያል? ምናልባት ልጁ ጥያቄውን አልሰማም፤ ምናልባት ሰምቶ ቃሉን አልተረዳም፤ ምናልባት ተረድቶ መልሱን አላገኘም፤ ምናልባትም አግኝቶ መናገር ፈርቷል። አራቱ አራት የተለያየ ርዳታ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ግን የቆመበት ደረጃ መታወቅ አለበት። ልጁን ከኋላ ወደ ፊት አምጥተን፣ ዘዴውንም ለውጠን፣ መጽሐፉንም ለውጠን ቢሻሻል የረዳው የትኛው እንደሆነ አናውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ለውጠን የመዘገብን እንደሆነ ግን ለሚቀጥለውም ልጅ ዕውቀት አተረፍን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ላፕቶፕ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ካቻቢቴ ሳይነሣ የሚደረጉ ሁለት ሙከራዎችን ጻፉ። የእያንዳንዱ ውጤት ምን እንደሚያመለክት አስረዱ።

2. ጓደኛችሁ ቲ42 ይዞ መጥቶ «ዊንዶውስ ላይ ድምፁ ሙሉ ነው፤ ግን ምንም አይሰማም» አላችሁ። የመጀመሪያ ሦስት እርምጃዎቻችሁን በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ለምን በዚያ ቅደም ተከተል?

3. ባለ 20 ቮልት ቻርጀር ጫፉ ተቀይሮ በ16 ቮልት ማሽን ውስጥ «በደንብ ገባ»። ምን ትሉታላችሁ?

4. በክፍል 5 በተገለጸው ጉዳይ ሜሞሪ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይከሰት ነበር? ከየትኛው የደብተር ማስታወሻ ነው እውነቱ የተገኘው?

5. በማስተማር ልምምድ ላይ ያያችሁትን አንድ ዝም ያለ ተማሪ አስቡ። የልጁን ስም ሳትጠቅሱ፣ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ፣ ያያችሁትን ምልክት ብቻ በአምስት መስመር ጻፉ።

መልሶቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። የተሻለ የተብራሩትን በሚቀጥለው ዕትም እንለጥፋለን። ማሽኑ እምቢ ያለው ሠልጣኝም ምልክቱን በደብተር ጽፎ ይምጣ፤ «አይሠራም» ብሎ ብቻ የመጣውን ግን «ምን አያችሁ?» ብለን እንመልሰዋለን።